«ወላሂ» ብዬ የመታሁት ታርጌት



ወር መጨረሻ ነበር፤ ከቀኑ 10 ሰዓት አልፏል። የወሩ ታርጌቴ 390,000 ብር ሲሆን 21,000 ብር ገደማ ይጎድለኛል። የሴልስ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሰባተኛ ወሬ ነው። ከሾፌር ጋር በሚኒቫን እየዞርን ከኮልፌ እስከ ቤተል ላሉ ሱቆች የዱቄት ሳሙና፣ ብስኩትና ዳይፐር እናከፋፍላለን።

ኮልፌ ውስጥ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያች ሱቅ ነው። ከእኔ የሚወስዱት በሳምንት ሁለት ካርቶን ሳሙና ነው፤ ከዚያ አልፈው አያውቁም። በዚያ ሰሞን ግን እቁብ እንደወጣላቸው ራሳቸው አጫውተውኛል። ገባሁና ሰላምታ አቅርቤ «እናቴ፣ ወላሂ ከሰኞ ጀምሮ ዋጋ ይጨምራል፤ አሁኑኑ ቢይዙ ይሻልዎታል» አልኳቸው።

ዋጋ ይጨምራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ «አንተ ካልክ እሺ ልጄ» ብለው 12 ካርቶን አስወረዱኝ። አንዱ 1,800 ብር፣ ድምሩ 21,600 ብር። ከጀርባው ካለችው ክፍል በጨርቅ የተጠቀለለ ብር አምጥተው ቆጠሩልኝ። ታርጌቱን መታሁ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ኮሚሽኔ ሁለት ከመቶ ስለነበር ከእሳቸው ሽያጭ የደረሰኝን ኋላ ላይ አስልቼዋለሁ፤ 432 ብር ነው።

ስለ ግብ የምጽፈው ከዚህ ተነስቼ ነው። ብዙዎቻችሁ በንግድና በሽያጭ ላይ ያላችሁ ወንድምና እህቶች ስለሆናችሁ ነገሩን ከእኔ ስህተት ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ያኔ ግብ አልነበረኝም ማለት አልችልም። እንዲያውም 390,000 የሚለውን ቁጥር በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ ከአልጋዬ በላይ ለጥፌው ነበር። አንድ ሥልጠና ላይ «የምትፈልገውን ነገር በየቀኑ እየው» ተብለን ስለነበር ነው። የመኪና ፎቶ የለጠፉም ነበሩ። ግን ጠዋት ስነሳ ያ ቁጥር ዛሬ የት እንደምሄድ፣ ስንት ሱቅ እንደምገባ፣ ምን እንደምል አይነግረኝም። ዝም ብሎ ያፈጥብኛል። በወሩ የመጀመሪያ ሳምንታት አላስፈራኝም፤ በመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ግን የሚናገረው እሱ ሆነ። እኔ ደግሞ ለእሱ ስል «ወላሂ» እላለሁ።

ቀጣዩ ወር እንዴት እንደሄደ ሴልስ የሠራ ሰው ይገምተዋል። በወር መጨረሻ በግድ የገባ ዕቃ የሚመጣውን ወር ሽያጭ ይበላል። ሱቆቹ ሞልተዋል፤ የማያቸው ፊቶች ሁሉ «ገና ያለው አላለቀም» ይላሉ። በዚያ ላይ ዋጋው ሊጨምር ቀርቶ ድርጅቱ «10 ካርቶን ለገዛ 1 በነጻ» የሚል ማበረታቻ አወጣ። ግማሽ ወር አልፎ 120,000 ብር እንኳ አልሸጥኩም ነበር።

የዚያን ጊዜ ነው ጉዳዩን ለአንድ ወንድሜ ያማከርኩት። እሱ መርካቶ የስልክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሸጥ ነው፤ ሱብሒን የምንሰግደው አንድ መስጂድ ነው። የጠበቅኩት «አይዞህ፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው» እንዲለኝ ነበር። እሱ ግን «በቀን ስንት ሱቅ ትገባለህ?» አለኝ።

«30 ያህል» አልኩት።

«ቆጥረኸዋል?»

አልቆጠርኩም። ስንቆጥረው በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 17 እና 18 ሆኖ ተገኘ። ቀሪው ሰዓት የት እንደሄደ ሾፌሩም እኔም እናውቃለን፤ ሻይ ቤት ነው። ሪዝቅማ ከአላህ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ በሩን ሳላንኳኳ «አልተጻፈልኝም» ማለቴ ግን ስንፍናዬን በሃይማኖት መሸፈን ነበር። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ባዶ እጃቸውን ወደ መዲና ሲሰደዱ አንሷሪው ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ግማሽ ሀብቱን ሊያካፍላቸው እንደነበር እናውቃለን። እሳቸው ዱዓእ አድርገውለት የጠየቁት የገበያውን መንገድ ነው። ሄደው እርጎ ደረቅና ቅቤ ሸጠው አትርፈው ተመለሱ። በማግስቱም ሄዱ። ይህንን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ «በማግስቱም ሄዱ» የምትለዋ ግን ያኔ ነው የገባችኝ።

ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ቁጥሩን ወደ ታች አወረድነው። ወሩ 26 የሥራ ቀን አለው፤ 390,000 ለ26 ሲካፈል በቀን 15,000 ብር ነው። አንድ ሱቅ በአማካይ የሚገዛኝ 1,500 ብር ያህል ስለሆነ 10 የሚገዙ ሱቆች ያስፈልጉኛል። ከሦስት ሱቅ የሚገዛው አንዱ ስለሆነ 30 በር ማንኳኳት አለብኝ። አለቀ። ሰዎቹ ይግዙ አይግዙ በእጄ አይደለም፤ 30 በር ግን በእጄ ነው። ከአልጋዬ በላይ የነበረውን ወረቀት ቀደድኩት። (ሾፌሩ ይህን ሲሰማ «ሻያችን ቀረ በለኛ» ብሎ አኮረፈ፤ ኋላ ግን መቁጠሩን ከእኔ በላይ የሚወደው እሱ ሆነ።)

ደብተር ገዛሁ። ሦስት ዓምድ ነበረው፤ የገባሁባቸው ሱቆች፣ የገዙት፣ ብሩ። ወንድሜም የራሱን ያዘ። እሁድ እሁድ ከሱብሒ በኋላ መስጂዱ ግቢ ቁጭ ብለን ደብተራችንን አንዳችን ለሌላችን ጮክ ብለን ልናነብ ተስማማን።

ይህን ያደረግነው ነገሩን ከእቁብ አይተን ነው። ለብቻዬ እቆጥባለሁ ያለ ሰው ሁለተኛው ወር ላይ ያቆማል። እቁብተኛ ግን ቢቸግረውም ተበድሮ ይጥላል፤ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ስሙ ይጠራል። ለራስ ቃል መግባትና ስምህ በሚጠራበት ቦታ ቃል መግባት ይለያያሉ። መጀመሪያ ላይ ቅጣትም አስቀምጠን ነበር፤ ቁጥሩን ያላሟላ 100 ብር ለየቲሞች ሳጥን ይከፍላል። አልሠራም። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል «መቶ ብሯን እከፍላለሁ» ብዬ ቤት የዋልኩ ጊዜ ስንፍናዬን በዋጋ እየገዛሁት እንደሆነ ተረዳሁ። ሶደቃችንን ለብቻው አደረግነውና ቅጣቱን ቀየርነው፤ ያላሟላ ሰው በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ድጋሚ ይመጣል፤ ያ ብቻ ነው። ከመቶ ብሩ ይልቅ ይህ ከበደን።

ደብተሩ ያስተማረኝ ነገር ብዙ ነው። ጠዋት በጣም ማልጄ ስገባ ትንንሾቹ ሱቆች «ገና አልሸጥንም» እያሉ ይመልሱኛል፤ ያንን ሰዓት ርቀው ላሉት ትልልቅ ሱቆች አደረግኩት። እቁብ በሚጥሉበት ዋዜማ አይገዙም፤ ብሩን ለይተው አስቀምጠውታል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ብሄድ ይገዛሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሱቅ የእቁብ ቀን ከስሙ አጠገብ ጻፍኩ። ጁሙዓ ቀን 30 ሞልቶ አያውቅም፤ 20 ብዬ ሌሎቹ ቀናት ላይ ሁለት ሁለት ጨመርኩ። ረመዳን ላይ ጉልበት ሳይደክም አብዛኛውን ከዙህር በፊት መጨረስ ነው። ይህንን ሁሉ ከመጻፌ በፊት «ገበያ የለም» በምትል አንድ ቃል ነበር የማልፈው።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው እሁድ ይመስለኛል፣ ደብተሬን አነበብኩ። ጥሩ ሳምንት ነበር። ወንድሜ አዳመጠና «በምን ሸጥከው?» አለኝ።

«በምን ማለት?»

«ምን ብለህ ሸጥከው? እኔ በዚህ ሳምንት አንዱን ቻርጀር ኦርጅናል ነው ብዬ ሸጫለሁ። እዚህ ደብተር ላይ 600 ብር ብሎ ብቻ ተቀምጧል። ቁጥሩ ንጹሕ ነው፣ እኔ ግን አይደለሁም» አለኝ።

ዝም አልኩ። እኚያ እናት ትዝ አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያች ሱቅ በር ሳልፍ ሾፌሩን «ዛሬ እንለፋት» እያልኩት ነበር። ከ30ዎቹ በር አንዱን እየዘለልኩ ሌላ እቆጥራለሁ። ደብተሩ ይህን አያውቅም። ለወንድሜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። አላጽናናኝም፤ አልወቀሰኝምም። «ስንት ካርቶን ቀርቷቸው ይሆን?» ብቻ ነው ያለኝ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መሐላ ዕቃን እንደሚያሸጥና በረካን ግን እንደሚያጠፋ ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ) ሳትጠየቁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ ማለታቸው በየኹጥባው ይነገራል። እኔ ግን ራሴን ስጠይቅ የኖርኩት ስንት እንደሸጥኩ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ካርቶኖቹ ጥግ ላይ ተደርድረዋል፤ ከላይ አቧራ ይዟቸዋል። 9 ቀርተዋል። አጠገባቸው ያሉት ሱቆች በማበረታቻው የገዙትን ቀንሰው ስለሚሸጡ የእሳቸውን የሚገዛ የለም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እንደዘገየባቸው ከአወራራቸው ገባኝ። ዋጋ ይጨምራል ብሎ የነገረኝ ሰው እንዳልነበረ፣ ታርጌቴን ለመሙላት ስል እንደዋሸኋቸው ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ወላሂ ብለኸኝ እኮ ነው ልጄ» አሉ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ድርጅቱ የተሸጠ ዕቃ አይመልስም። ለሱፐርቫይዘሬ እውነቱን ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። «ከፈለግክ አዙርላቸው፣ ከታርጌትህ ግን አይቆጠርም» አለኝ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኙንም ካርቶን አንድ ሁለት እያልኩ ሌሎች ሱቆች ጋር አደረስኩ፤ የሸጥኩት ማበረታቻው በሚያወጣው ዋጋ ስለሆነ በካርቶን የጎደለውን 164 ብር ከኪሴ ሞላሁ፤ 1,476 ብር። በዚያ ወር ታርጌቴን አልመታሁም። እሁድ ዕለት ደብተሩን ሳነብ ድምፄ ቀነሰ፤ ወንድሜ «ጮክ በል» አለኝ። እሱም ቻርጀሩን የሸጠለትን ሰው በስልክ ፈልጎ አግኝቶ ልዩነቱን መልሶለት ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ አጭበርባሪ የደወለለት መስሎት ስልኩን ዘግቶበታል።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ አራት ዓምድ አለው። አራተኛው ላይ የምጽፈው ለመሸጥ ያልኩትን ነው። በየሱቁ አይደለም፤ ከቀኑ ውስጥ ወንድሜ ፊት ሳነበው የሚከብደኝን አንዱን ነው። አንዳንድ ቀን ባዶ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አንዳንድ ቀን «ይህ ነው የመጨረሻው ዕቃ አልኩ፣ መጋዘን ውስጥ ነበር» የሚል ይገባበታል። የገረመኝ፣ ማታ የምጽፈውን ሳስብ ቀን ላይ አፌ ይያዛል። ሽያጬ ወዲያው ጨመረ ብዬ አልዋሻችሁም። ሁለት ወር ቀንሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የወር መጨረሻዎቹ አራት ቀናት እንደ ሌሎቹ ቀናት ሆኑ፤ በግድ የሞላሁት ሱቅ ስለሌለ በአዲሱ ወር መጀመሪያም የሚገዛኝ አላጣሁም። ታርጌቱን የምመታበት ወር ይበዛል፤ የማልመታበትም አለ።

እኚያ እናት ለረጅም ጊዜ ከእኔ ሳሙና አልገዙም። ብስኩት ብቻ ይወስዳሉ፣ እሱንም በጥሬ ቆጥረው፣ ደረሰኙን አንብበው። ልክ ናቸው። እኔም ሳልጎተጉት በየሳምንቱ ገብቼ ሰላም ብዬ እወጣለሁ፤ ከ30ው በር እንደ አንዱ እቆጥራታለሁ።

ባለፈው ሰሞን ዕቃ ሁሉ ሲንር «ሳሙናም ሊጨምር ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እናቴ፣ አላውቅም። እኛ ጋ እስካሁን የተነገረ ነገር የለም» አልኳቸው።

ደብተራቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው «እንግዲያው ሁለት ካርቶን አውርድልኝ» አሉ።