ከሚሴ፦ ማማ ላይ ሲነጋ

«ከሚሴ ቆላ ነው፤ ሹራብ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ሻንጣችሁን ልታቀሉ ከሆነ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ለራሴ አንድ ስስ ሹራብ ያዝኩ። ለስምንት ዓመቱ ልጄ ግን፣ እናት ነኝና፣ ከቦሌ የገዛሁለትን ወፍራም ጃኬት አለበስኩት። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለታችንም ከመሬት ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት ማማ ላይ ቁጭ ብለን እንንቀጠቀጥ ነበር። የሚገርመው፣ ከእኔ ይልቅ ጥርሱ የሚንገጫገጨው ባለጃኬቱ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። «ይህን ዕቃ ከገዛችሁ ችግራችሁ ይፈታል» ብሎ ማሳመን እንጀራዬ ነው። የዚያን ሌሊት የገዛሁት ዕቃ ለምን እንዳልሠራ ያስረዱኝ የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በማሽላ ማሳ ውስጥ ብርድ ሲጠብቃቸው፣ እሳቸውም ማሽላ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በር በዋሻው ውስጥ ስታቋርጡ፣ አገሩ በአንድ ጊዜ ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያላችሁ ስትወርዱ መጀመሪያ ጃኬቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን ታወልቃላችሁ። ከሚሴ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,400 ሜትር ወርዷል፤ ቀኑም ይሞቃል። ከመንገዱ ዳር የጨፋ ረግረግ ለምለም ሆኖ ይታያል። ቦርከና ወንዝ በዚያ በኩል አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በበጋ ወራት የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰበሰቡት እዚህ ነው። በዚያ ሙቀት ስለ ብርድ የሚያወራላችሁ ሰው ቢኖር ትስቁበታላችሁ።

ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና፣ በምዕራብ በኩል ካሉት ተራሮች እንደ ውኃ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። የረግረጉ እርጥበት ሲታከልበት ሣሩም ልብሱም በጤዛ ይርሳል። በጣም የሚበርደውም እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋ ሲል ነው። በከሚሴ ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል፤ አጎታችን ብርዱን አንዴ «ቆራ»፣ አንዴ «ቁር» ይሉታል። ስሙ እንኳ ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ በዚህ ሰዓት ሰው ማማ ላይ ምን ይሠራል? በአሜሪካ ቅዝቃዜው ሲበረታ አዳኞች ዛፍ ላይ በታሰረ መቀመጫ ሰዓታት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ አጋዘን ይጠብቃሉ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ ዘንድ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ የከሚሴ ገበሬም ማማ ላይ የሚወጣው ሊያድን አይደለም፣ ያለውን እንዳያጣ ነው። ሌሊት ከርከሮና ጃርት፣ ሲነጋ ደግሞ ግሪሳ ወፍ የደረሰ ማሽላ ላይ ይወርዳሉ። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ትንሽ ይመስላል። ግን ግሪሳ ብቻዋን አትመጣም፤ አንድ ሚሊዮን ሆነው ከመጡ በቀን 100 ኩንታል ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በደረሰበት አገር፣ «ዛሬ ብርድ ነው፣ ነገ እወጣለሁ» የሚል ገበሬ የለም።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ከቤት የወጣነው አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማሳው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ልጄን ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር አልብሼው፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቼ ወጣን። አጎታችን ጋቢያቸውን አጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሸሚዝ ብቻ ሲሄዱ አይቼ «አባባ፣ አይበርድዎትም እንዴ?» አልኳቸው። «ይበርደኛል እንጂ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ማማው ላይ ከወጣን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ነገሩ ገባኝ። አጎታችን ደረቅ ሸሚዛቸው ላይ ጋቢያቸውን ደራርበው ተጠቅልለዋል። የልጄ ጀርባ ግን ከጃኬቱ ሥር በላብ ርሷል። ውኃ ሙቀትን ከአየር ወደ 25 እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ ከሰውነት ይወስዳል። ፈጥኖ የሚራመድ ሰው ሰውነት፣ ከተቀመጠ ሰው ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሙቀት ያመነጫል፤ የተቀመጠው ግን ከአንድ የድሮ መቶ ሻማ አምፖል ብዙም አይበልጥም። በሩጫው የለበስነው ለተቀመጠው አይሆንም፤ ለተቀመጠው የለበስነው ደግሞ ሲሄዱ ያልባል።

«ልጁን አውልቂለት» አሉኝ አጎታችን። በዚያ ብርድ? ሆኖም ታዘዝኩ። የራሰውን ካናቴራ አውልቀን፣ በፎጣ አድርቀን፣ በቦርሳዬ ውስጥ ለነገ ያልኩትን ደረቅ ካናቴራ አለበስነው። ከዚያ ጃኬቱን፣ ከላዩ የአጎታችንን ጋቢ እጥፍ። ከመቀመጫው ሥር አጎዛ አነጠፉለት። «ብርድ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ እንጨቱም ይጠጣሻል» አሉ።

እግሩ ግን አሁንም በረዶ ነበር። ሁለት ካልሲ ደርቤለት ጫማው ጠቦት ስለነበር ደሙ እንደ ልብ አይዘዋወርም። መፍትሔው የመጣው ከጎረቤት ማማ ነው። እዚያ የተቀመጠው አስር ዓመት ቢሆነው የማይበልጥ ልጅ ነበር፤ ብቻውን። አጎታችን ሲጠሩት በጨለማው መሀል ወርዶ መጣ። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ እጁ ላይ ወንጭፍ፣ በብብቱ ደግሞ ገለባ የተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ይዟል። ልጄን ጫማውን አስወልቆ፣ የሁለቱንም እግር አንድ ላይ ጆንያው ውስጥ ከተተ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጄ ማንቀጥቀጡን ትቶ ስለ ወንጭፉ ይጠይቅ ጀመር።

ሰማዩ በአፋር በኩል ሲቀላ ጭጋጉ ከጨፋ ላይ ተነሣ። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ሩቅ ያለ ዝናብ ይመስላል። ቀጥሎ እንደ ጭስ የሚጠማዘዝ ነገር ከማሽላው በላይ ታየ። ያ ትንሽ ልጅ ተነሥቶ ወንጭፉን አሽከርክሮ ሲለቀው፣ ከየማማው ጩኸትና የጅራፍ ድምፅ ተቀባበለ። የወፉ ደመና ተጠመዘዘና ወደ ሌላ ማሳ ዞረ። እዚያም ሌላ ሰው ይጮኻል።

ከማማው ወርደን ከማሳው ወጣ ባለ፣ ሣሩ በተጠረገበት ቦታ እሳት ተለኮሰ። የማሽላ እሸት ተጠበሰ። እዚህ ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ዓይነት አለ፤ ስሙ ጣዕሙን ይናገራል። በ1973 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ማሽላዎችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን በተባለው ለሰውነት አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል ከሌሎች የበለጡ ሆነው ያገኟቸው እንዲህ ያሉትን የወሎ ዝርያዎች ነው። ትኩሱን እያሻሸን ስንቅም ልጄ «ነገም ይወጣል?» ብሎ ወደ ልጁ ጠቆመኝ። ልጁ ራሱ መለሰ፦ «ማሽላው እስኪታጨድ ነዋ።» ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሆነ እሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው።

ለእኛ የአንድ ሌሊት ጨዋታ የሆነው ብርድ ለእሱ ሥራ ነው። ይህን ለልጄ በቃል ላስረዳው ብሞክር አይገባውም ነበር፤ እግራቸውን አንድ ጆንያ ውስጥ ከከተቱ በኋላ ግን ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ እኔ በዚያ ሌሊት የተማርኩትን ልንገራችሁ። ወደ ማማው ስትሄዱ «ትንሽ በረደኝ» እስክትሉ ድረስ ቀለል አድርጋችሁ ልበሱ፤ ወፍራሙን ተሸከሙት፣ ደርሳችሁ ትንፋሻችሁ ሲረጋጋ ልበሱት። አንድ ደረቅ ካናቴራና አንድ ደረቅ ካልሲ ለእያንዳንዱ ሰው በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ጥጥ ሲርስ ሙቀት አይዝም፤ ሱፍ ግን እርጥብም ሆኖ ያሞቃል። በመንገዳችሁ ላይ ያለው የመንዝና የደብረ ብርሃን አካባቢ በበግ ጠጉር ሥራው የታወቀ ነው፤ ባና ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ መግዛት ከፈለጋችሁ ቦታው እሱ ነው። ጋቢ ያሞቃል፤ ነፋስ ግን ያሳልፋልና ከላዩ ነፋስ የማያስገባ ነገር ደርቡ። አንገትና ራስ በሻሽ ይሸፈን። የፈላ ውኃ በደንብ በሚከደን ኮዳ አድርጋችሁ በካልሲ ብትጠቀልሉት ለልጅ እቅፍ ይሆናል። ከመውጣታችሁ በፊት ብሉ፤ ሰውነት የሚነድ ነገር ይፈልጋል፤ በሶና ጭኮ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። አልኮል ግን ተዉት፤ የሞቃችሁ ይመስላችኋል እንጂ ሙቀታችሁን በቆዳችሁ በኩል ያስወጣል። ልጁ መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ ከተደነቃቀፈ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ውረዱ፣ ወደ ቤት ግቡ።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ። አንደኛ፣ የከሰል ምድጃ ይዛችሁ በተዘጋ ክፍል ወይም መኪና ውስጥ እንዳትሞቁ። ሽታ የሌለው ጭሱ እንቅልፍ ላይ እንዳላችሁ ይገድላል። ሁለተኛ፣ አካባቢው ወባ አለበት፤ ከክረምት በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ የሚበረታባቸው ናቸው። በምሽት እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ ልጃችሁ ቢያተኩሰውና ቢንቀጠቀጥ «የከሚሴ ብርድ መትቶት ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። በዚያኑ ቀን ደሙ ይመርመር፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ጉዞውን ለቅዳሜና እሑድ ብታደርጉት የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ። ሰኞን መጨመር ለሚችል ደግሞ በኮምቦልቻ በኩል የባቲ ገበያ አለ። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ዘመድ ከሌላችሁ በቀበሌው ወይም በምታድሩበት ሆቴል በኩል ባለማሳውን አስፈቅዱ፤ ሳይፈቀድላችሁ የሰው ማማ ላይ አትውጡ። ስትሄዱም ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

እኛ ስንመለስ አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ጣርማ በርን ልንወጣ ስንል ብርዱ ሲመለስ፣ ልጄን «ጃኬትህን ልበስ» አልኩት። በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ሜዳው እያየ ዝም አለ። ትቶት መጥቷል። ለማን እንደተወው አልጠየቅኩትም፤ ጋቢዬን ዘርግቼ አብረን ለበስን።