ትለምደዋለህ

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ልታገኙ ትችላላችሁ። ከብስክሌት ወድቆ የማያውቅ ሰው ግን አታገኙም። እኔ የመውደቅ ድርሻዬን በልጅነቴ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። በ46 ዓመቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባጃጅ ነጂዎችና ሊስትሮዎች እያዩኝ እንደገና ወደቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ለጥምቀት ሲመጣ፣ ሲነዳው የኖረውን ብስክሌት ፈታትቶ በካርቶን አሽጎ አመጣልኝ። ዓይነቱ ሳይክሎክሮስ ይባላል። ሲያዩት የአስፋልት መወዳደሪያ ይመስላል፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ ነው። የሰፈር ልጆች «ባለ ቀንዱ» ብለው ስም አወጡለት። ጎማው ግን ጥርስ አለው፤ ጭቃ እንዳይቀረቀርበት በጎማውና በሹካው መካከል ሰፊ ክፍተት ተትቶለታል።

ይህ ብስክሌት የተሠራው አውሮፓውያን በበልጋቸውና በክረምታቸው፣ በጭቃ፣ በሣርና በአሸዋ ላይ ለሚያደርጉት ውድድር ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል። በደንቡ መሠረት የጎማው ስፋት ከ33 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የዘመናችን ታላላቅ ጋላቢዎች ማቲው ቫን ደር ፖልና ዋውት ቫን አርት ያደጉት እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው። ደስ ያለኝ ልማድ ደግሞ አንድ አለ፤ በብስክሌት የማይታለፍ መሰናክል ወይም ዳገት ሲያጋጥም ተወዳዳሪው ይወርድና ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ጭኖ ይሮጣል። መንገዱ እምቢ ሲል መቆም የለም።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጥቁሯን ፊኒክሱን ዕድሜ ልኩን ነድቷታል። ከተማችንም ለዚህ የተመቸች ናት። ጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት፤ በ1950ዎቹ ጀርመናውያን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን ሲያወጡላት ሰፋፊ ጎዳናዎችን ሰጥተዋታል። እኔም የተማርኩት በዚያችው ፊኒክስ ነው። ቁመቴ ስለማይደርስ አንድ እግሬን በብረቱ መሃል አሾልኬ፣ ጎንበስ ቀና እያልኩ። ስለዚህ አዲሱ ብስክሌት ሲመጣ «ብስክሌት ብስክሌት ነው» ብዬ ወጣሁበት።

ተሳስቼ ነበር።

የወደቅኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እንግሊዝ አገር የሚሸጥ ብስክሌት የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ ነው። እኔ እስከዛሬ የነዳኋቸው ሳይክሎች ቀኙ የኋላ ፍሬን ነበር። አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ከፊቴ ቀጥ ሲል፣ ቀኝ እጄ እኔን ሳያማክር ጨበጠ። የዲስክ ፍሬን ደግሞ እንደ ድሮው አይለማመጥም፤ ያዘ ከተባለ ያዘ። ብስክሌቱ ቆመ፤ እኔ ግን ጉዞዬን ቀጠልኩ።

መውደቁ ሳያንስ ሌላም ነበረ። ግማሽ ሰዓት ስነዳ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይደነዝዛሉ። አንገቴ ይደርቃል። ቀኝ ጉልበቴ ከፊት ለፊቱ ይወጋኛል። ጠባብ ቦታ ላይ ስታጠፍ የጫማዬ ጫፍ የፊት ጎማውን ይነካል። ኮብልስቶን ላይ ስወጣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ለማን ብነግር መልሱ አንድ ነበር። የባለቤቴ ወንድም በስልክ፣ «ትለምደዋለህ» አለኝ። የቡና ጓደኞቼ፣ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» አሉ። ባለቤቴ፣ «መጀመሪያ ቁስልህ ይዳን፤ ከዚያ ትለምደዋለህ» አለች። እኔም አመንኩ። ሁለት ወር ሙሉ ልለምደው ታገልኩ። የሚገርመው ነገር፣ የተወሰነው በእርግጥ ተለመደ፤ የቀረው ግን ባሰበት።

በመጨረሻ ገበያ አካባቢ ወዳሉ አንድ የብስክሌት ጠጋኝ ሄድኩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ብስክሌት ከዚያ በፊት በእጃቸው እንዳልገባ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ግን መጀመሪያ የጠየቁኝን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

«ሕመሙ ቦታ ይቀያይራል ወይስ አንድ ቦታ ተቀምጧል?»

«አልገባኝም ጋሼ» አልኳቸው።

«ዛሬ ጭንህን፣ ነገ ጀርባህን፣ ከነገ ወዲያ ቀለል ካለህ፣ ሰውነትህ እየተማረ ነው፤ ተወው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነና እየጨመረ ከመጣ፣ ያ ትምህርት አይደለም። ብስክሌቱ ነው ልክ ያልሆነው። እሱን መልመድ የለብህም፤ በቁልፍ ነው የሚፈታ።»

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ጫማዬን አስወልቀው ግድግዳ አስደግፈው፣ ከወለሉ እስከ እግሬ መጋጠሚያ ለኩኝ፤ 80 ሴንቲ ሜትር። የባለቤቴ ወንድም በስልክ የላከልኝ ስሌት ነበረኝ፤ ይህን ልኬት በ0.883 ማባዛት ነው። ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ያን ያህል መሆን አለበት ማለት ነው። ጋሼ ስሌቱን ሰምተው ፈገግ አሉና የራሳቸውን ዘዴ አሳዩኝ። መቀመጫው ላይ ተቀምጬ ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አሳረፍኩ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሬ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ የእግሬን ፊት ፔዳሉ ላይ ሳደርግ ጉልበቴ በጥቂቱ ይታጠፋል። በሁለቱም መንገድ ሞከርን፤ መልሱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በስተቀር አንድ ሆነ። መቀመጫዬ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር ለካ። ጉልበቴን የወጋኝ እሱ ነው።

መቀመጫው አፍንጫውም ወደ ታች አዘንብሎ ነበር። ስለዚህ ሳላውቀው ወደ ፊት እየተንሸራተትኩ፣ ክብደቴን ሁሉ እጄ ላይ እየጣልኩ ነበር። የሁለቱ ጣቶች ነርቭ የሚያልፈው በመዳፍ ጠርዝ በኩል ነውና እዚያ ላይ ሲጫኑት ይደነዝዛል። መሪውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያያዘው አንገትም ለእኔ ረዘመ። የባለቤቴ ወንድም ከእኔ በጭንቅላት ይበልጣል፤ ብስክሌቱ የተሰፋው ለእሱ ነው። ጋሼ ከአሮጌ የተራራ ብስክሌት ላይ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ አንገት ፈትተው በ110ሩ ፋንታ አሰሩልኝ። ሦስት ሴንቲ ሜትር! ሦስት ሴንቲ ሜትር የሁለት ወር የአንገት ሕመም ነበረች።

ፍሬኑ ላይ ስንደርስ፣ «ቀኙን ፊት ማድረግ ልማድ ነው፤ ልልመደው ይሆን?» አልኳቸው። «ድንገተኛ ሲመጣ እጅ አያስብም» አሉኝ፤ «እጅህ በሚያውቀው አድርገው።» ሽቦዎቹን አቀያየሩት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ጎማውን ግን ተቆጡኝ። እኔ እንደ ድሮው ድንጋይ እስኪሆን ነበር የማስነፋው። እንዲያውም ቫልቩ ቀጭን ስለሆነ የጎሚስታው መንፊያ አልገባ ብሎ በነሐስ መቀየሪያ ነበር የማስነፋው፤ ያን ያህል ደክሜ ራሴን ነበር የምቀጣው። ወደ 40 ፒ.ኤስ.አይ. አወረድነው። ኮብልስቶኑ ያው ኮብልስቶን ነው፤ ጎማው ግን እብጠቱን ራሱ እየዋጠ ወደ እኔ ማሳለፍ ተወ።

የጫማዬ ጫፍ ጎማውን መንካቱስ? «እሱን ትለምደዋለህ» አሉኝ ጋሼ ሳቅ ብለው። የብስክሌቱ አሠራር ነው፤ አይስተካከልም። ጠባብ ቦታ ስታጠፍ ፔዳል አለመምታት፣ የውጭውን እግር ታች አድርጎ ማለፍ፣ ዓይንን ጎማው ላይ ሳይሆን መድረሻው ላይ ማድረግ ነው። እውነትም በሁለት ሳምንት ተለመደ። አሁን ትዝም አይለኝ።

በማግስቱ ጠዋት በዓባይ ላይ በተሠራው አዲሱ ድልድይ ወጣሁ። ግንቦት 2016 ላይ የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ገና ስሙን ሲጀምር ከሥሬ ያልፋል። እጆቼ አልደነዘዙም። ጉልበቴ ዝም አለ። ሳላስበው ፍጥነት ጨመርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ብስክሌቱ ሳይሆን ስለ ጠዋቱ አሰብኩ። ልክ የሆነ ዕቃ ማለት ያ ይመስለኛል፤ መኖሩን የሚያስረሳችሁ።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ግን ስለ ብስክሌት ብቻ ለማውራት አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትለምደዋለህ» የሚለውን ቃል በየቦታው መስማት ጀመርኩ። መብራት ሲሄድ ለመድን። እምቦጭ ጣናን ሲያለብሰው መጀመሪያ ጮኽን፣ በዘመቻ ወጣን፣ ከዚያ ለመድን። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በነሐሴ ከተማችን የተኩስ ድምፅ ሰማች። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፤ ለመድን። በክልላችን ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች በሚሊዮን መቆጠር ጀመሩ፤ ቁጥሩን ሰምተን ማኪያቷችንን መጠጣት ለመድን። ሰው ለቅሶ መድረስ ፈልጎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ በስልክ አልቅሶ መቅረትን ለመደ።

መልመድ ክፉ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። መልመድ ባይኖር ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ከልጅነት እስከ ሽምግልና አንድ ፊኒክስ ላይ ያረጀ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ይህን አይክድም። ግን የጋሼን ጥያቄ ራሳችንን ብንጠይቅ ጥሩ ነው እላለሁ። ሕመሙ ቦታ ይቀያይራል ወይስ አንድ ቦታ ተቀምጦ እየጨመረ ነው? እየቀለለ የሚሄድ ከሆነ እንታገሥ፤ እየተማርን ነው። እዚያው ከተቀመጠ ግን ችግሩ ሰውዬው ላይ አይደለም። የሆነ ቦታ ላይ መፈታት ያለበት ብሎን አለ። ለዚያ ሰው «ትለምደዋለህ» ማለት ማጽናናት አይሆንም፤ ቁልፉን መደበቅ ነው።

«ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እኔ ያለኝ የብስክሌት ቁልፍ ብቻ ነው። የትኛው እንደሚጎዳን መለየት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ሁለት ወር የተሠቃየሁት ጠጋኝ ጠፍቶ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስላመንኩ ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ብስክሌት ስገዛላት፣ እንደ ወላጅ ሁሉ «ታድግበታለች» ብዬ ትልቁን መረጥኩ። ስትወጣበት ትፈራለች፤ ስትቆም እግሯ መሬት ስለማይደርስ ወደ ጎን ታዘነብላለች። ሁለቴ ወደቀች። ምን እንዳልኳት መገመት አያቅታችሁም።

ከጋሼ ዘንድ በተመለስኩበት ሳምንት የእሷን መቀመጫ እስከሚወርድበት አወረድኩት። መሪውን ወደ እሷ አቀረብኩት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፈራችንን ሦስት ጊዜ ዞረች። ስትመለስ ላብ በላብ ሆና፣ «አባዬ፣ ብስክሌቱን ምን አደረግከው?» አለችኝ። ምንም፤ ዓመት ሙሉ ማድረግ የነበረብኝን ነው ያደረግኩት።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንወጣለን። በዘንባባዎቹ ሥር፣ በሐይቁ ዳር፣ እስከ ድልድዩ። አንዳንዴ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው መንገድ ጫፍ ድረስ እንደርሳለን። እኔ በ16 ዓመቴ ከጓደኞቼ ጋር በአባቴ ፊኒክስ ያንን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በጠጠርና በአቧራ ሄጄዋለሁ፤ ሰንሰለታችን ተበጥሶ በሲባጎ አስረን፣ የገበሬ ቤት እርጎ ጠጥተን፣ ማታ ገብተን ተገርፈን። አሁን ከሥሬ ያለው ብስክሌት በትክክል ለእንዲህ ያለው መንገድ የተሠራ ነው። ጭቃውን፣ ጠጠሩን፣ ዳገቱን ይችላል። ካልቻለም ትከሻ አለኝ።

የከተማው ዳር ላይ ስንደርስ ግን መሪዬን አዞራለሁ። እሷም ትከተለኛለች፤ ፔዳል ሳትመታ፣ የውጭ እግሯን ታች አድርጋ፣ እንዳስተማርኳት።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ስንዞር ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ ከዚህ በላይ የማንሄደው ለምንድን ነው?»

«ትለምጂዋለሽ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«መሄድ ነበረብን» አልኳት። «ልክ አይደለም።»