ፈረንጁ ጎረቤታችን

አንባቢ ሆይ፤ ስለ ጣና ሐይቅ ውበትና በደሴቶቹ ላይ ስላሉት ገዳማት ብዙ ተጽፎአልና እኔ ዛሬ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። ላጫውትህ ያሰብሁት በባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ፥ ከገበያ ሽንኩርት ገዝቶ፥ በአጥራችን ወዲያ ማዶ ስለሚኖረው የባሕር ማዶ ሰው ነው። ፎቶግራፍ አንሥቶ በሦስተኛው ቀን የሚመለሰው አገር ጎብኚ ችግሩ ከሆቴሉ በር አያልፍምና እሱን ለጊዜው እንተወው።

እንዲህ ያለው ነዋሪ ለጣና ዳርቻ አዲስ አይደለም። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛውንም ግዕዙንም ተምሮ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ በጎርጎራ ኖሮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1622 ሞተ። በእኛ ዘመን ደግሞ በዚያው አቈጣጠር በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በ1963 የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ሲቋቋም የሩሲያ መምህራን ከነቤተ ሰባቸው መጡ። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ ያለ ፈረንጅ ጎረቤት የኖረችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ቍጥራቸው ቢያንስም የቀሩት የሚገጥማቸው ችግር ያው የቀድሞዎቹ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግራቸው ሰዓት ነው። እኛ ቀኑን መቍጠር የምንጀምረው ከፀሐይ መውጣት ነውና ጧት ፈረንጅ ሰባት ሲል እኛ አንድ እንላለን፤ በመካከላችን ስድስት ሰዓት አለ። ይህን በመጽሐፍ አንብቦ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ማንበብና መኖር ለየቅል ናቸው። አንድ የማውቀው ጀርመናዊ መምህር ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የአውቶቡስ ቲኬት ቈረጠ። ቲኬቱ 11 ሰዓት ይላል። ሰውየው ቍርሱን በልቶ፥ ሻንጣውን አሰናድቶ፥ በራሱ ሰዓት 11 ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መናኸሪያ ደረሰ። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ኖሮ በዚያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ቲኬት ሻጩን ቢጠይቀው «ለረቡዕ አጥቢያ ብዬህ አልነበረምን?» አለው። ለመሆኑ «አጥቢያ» የሚለውን ቃል የትኛው የቋንቋ ትምህርት ቤት ያስተምረዋል?

ከዚህ የባሰው ሁለቱም ወገን ሲጠነቀቁ የሚመጣው ነው። የአገሩ ሰው ለእንግዳው አስቦ ጧት በ3 ሰዓት የያዘውን ቀጠሮ ወደ ፈረንጅ ለውጦ «በ9 እንገናኝ» ይለዋል። እንግዳውም በበኩሉ «እነዚህ ሰዎች 9 ሲሉ ከቀትር በኋላ 3 ማለታቸው ነው» ብሎ ደግሞ ይለውጠዋል። አንዱ ጧት ጠብቆ ተበሳጭቶ ይሄዳል፤ ሌላው ከምሳ በኋላ መጥቶ የተዘጋ በር ያንኳኳል። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ማታ በየቤታቸው ስለዚያ ወገን ቀጠሮ አለማክበር ያወራሉ። «በእኛ» ወይም «በፈረንጅ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ኖሮ ይህ ሁሉ ሐሜት ባልኖረም ነበር።

የዘመኑ ቍጥር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት መለያየቱን በቶሎ ይለምዱታል። ጳጉሜን ግን ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። አምስት ቀን፥ አንዳንዴም ስድስት ቀን ብቻ ያለው ወር እንዳለ፥ በዚያም ወር ለወር ደመወዝተኛ ደመወዝ እንደማይከፈል ስነግረው ያ ጀርመናዊ ዝም ብሎ ሲያስብ ቈይቶ «ምግብ ግን ይበላልን?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አላገኘሁለትም።

ስለ ስም ደግሞ ተመልከት። ጌታቸው ታደሰ የሚባል ሰው ከፈረንጅ ጋራ ቢሠራ «ሚስተር ታደሰ» ይባላል። ታደሰ ግን አባቱ ናቸው፤ ምናልባትም ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኖአቸዋል። እኛም በፈንታችን «ሚስተር ጆን» እያልን በክርስትና ስሙ እንጠራዋለን፤ እሱም ይህ የወዳጅነት ይሁን የንቀት ሳይገባው ይኖራል። የሰውየው ሚስት በባልዋ ስም አለመጠራትዋም ያስደንቀዋል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ያልተጋቡ ይመስሉታል።

ቋንቋውን ለመማር የሚጥሩት ከማይጥሩት ይልቅ አደጋ ላይ ይወድቃሉ፤ ምክንያቱም አማርኛን የሚያስተምሩአቸው ከሁሉ በፊት የሰፈር ልጆች ናቸው። የልጅ አማርኛ «ና»፥ «ሂድ»፥ «አንተ» ነው። እንዲህ የተማረ ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ የሚመለሱትን አዛውንት «አንተ፥ ደኅና ነህ?» ሲላቸው አስብ! በአገራችን ለአዛውንት «አንቱ» ወይም «እርስዎ» እንደሚባል ለዚያ እንግዳ የነገረው የለም። ሽማግሌው ይሥቃሉ እንጂ አይቈጡም። እሱም ሣቁን አይቶ አማርኛው የተወደደለት መስሎት በማግሥቱ ይደግመዋል።

ከቃላታችን ሁሉ አስቸጋሪው «እሺ» ነው። በየመዝገበ ቃላቱ የስምምነት ቃል ተብሎ ተጽፎአል። የውሃ ቧንቧ ጠጋኙ «እሺ፥ ነገ እመጣለሁ» ሲል ግን አንዳንድ ጊዜ ሰማሁ ማለቱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ላስቀይምህ አልወድም ማለቱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በእውነት ይመጣል። እኛ በድምፁ አካሄድ እንለየዋለን። ፈረንጁ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንለውን ነገር ደግሞ ደንግጠን የምናደርገው ይመስላቸዋል። አንዲት ሴት ሐኪም በሽተኛዋ በጠየቀቻት ቍጥር ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ ስትስብ የልብ ድካም ያለባት መስሎአት ደረትዋን ደጋግማ አዳመጠች ይባላል።

የማዕዱም ነገር እንዲሁ ነው። ምሳ በሚበላበት ሰዓት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የገባ ሰው «እንብላ» ይባላል። የእኛ ሰው «ይባረክ፤ ብሉ» ብሎ ጕዳዩን ይናገራል፤ ፈረንጁ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መቼም አይነቀፍበትም፤ ተጠርቶአልና። በራሱ ቤት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እንግዳው የእኛ ሰው ምግብ ሲቀርብለት «በቃኝ፥ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። በአገራችን ደንብ ይህ የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ባለቤቱ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊለምነው ይገባል። ፈረንጁ ግን የሰውን ቃል አክባሪ ነውና «እንዳልህ» ብሎ ሳሕኑን ያነሣዋል። ስንቱ ሰው ከፈረንጅ ግብዣ ተርቦ እንደተመለሰ እግዚአብሔር ይቍጠረው። «በሞቴ» የሚለውን ቃል በቃሉ ተርጕመው ለነገሩት አንድ እንግዳ ደግሞ ስለ አንድ ጕርሻ ይህን የሚያህል መሐላ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ረቡዕና ዓርብ፥ ይልቁንም በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን፥ ሥጋና ወተት ፈልጎ መንከራተቱን አላበዛበትም፤ የጣና ዓሣ አለለትና። በሰፈር አድራሻም እንዲሁ አልቈይም፤ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች እያሉን «ከጊዮርጊስ በታች፥ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ» ብለን እንደምንነግረው አንተም ታውቃለህ።

በመንገድ ላይ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ሲከተሉት ለመጀመሪያው ወር ይሥቃል፤ በሦስተኛው ወር ይመረዋል። ጃፓኑንም፥ ኮሪያውንም፥ የታይላንዱንም ሰው «ቻይና!» ማለታችን ደግሞ ሌላ ጕዳይ ነው። ስለ ታይላንድ ካነሣሁ አይቀር፥ በዚያ አገር የአውሮፓ ሰው «ፋራንግ» እንደሚባል ታውቃለህን? ቃሉ የእኛው «ፈረንጅ» ነው፤ ሁለቱም ፍራንክ ከሚለው የጥንት ሕዝብ ስም በዐረብና በፋርስ አፍ ዞረው የመጡ ናቸው። በታይላንድም በጥንቱ ልማድ ማታ ፈረንጅ ሰባት ሲል እነሱ አንድ ይላሉ፤ ዘመናቸውም ከፈረንጅ በ543 ዓመት ይቀድማል፤ ሰውም የሚጠራው በራሱ ስም እንጂ በቤተ ሰቡ ስም አይደለም። የታይላንድ ሰው ባሕር ዳር ቢመጣ ሰዓታችን እምብዛም አያስደንቀውም፤ የሚያስቀይመው «ቻይና» መባሉ ብቻ ነው።

እስከዚህ የተጫወትነው የሚያሥቅ ነው። የማያሥቀው ይኸውልህ። እኛ እንግዳን በማክበር የታወቅን ሰዎች ነን፤ ነገር ግን ይሉኝታችን አፋችንን ይይዘዋል። እንግዳው ሲሳሳት እናያለን፤ «ምን ይለኛል» ብለን ዝም እንላለን።

ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ፈረንጅ ልብሱን አውልቆ ጣና ውስጥ ሲገባ ቆመው የሚያዩ ብዙ ናቸው። ዳር ዳሩ ላይ ባለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ የቢልሃርዝያ ትሎች በእነሱ ውስጥ አድገው ወደ ውሃው ይወጣሉ፤ ለዐይን አይታዩም፤ በሰውም ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ። መጀመሪያ ቆዳ ያሳክካል፤ ከሳምንታት በኋላ ትኵሳት ይመጣል፤ ካልታከመ ለብዙ ዓመት አንጀትንና ጉበትን ይጐዳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው፤ አዳኝነቱም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰውየው አገሩ ተመልሶ ሲታመም ሐኪሙ በሽታውን ከቶ አይቶት ላያውቅ ይችላል። «በጣና ውሃ ታጥቤአለሁ» ብሎ እንዲናገር ቀድሞ የነገረው ሰው ከሌለ ብዙ ይንገላታል። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ዘንድ ደግሞ ጕማሬ አለ፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ እንደሚወጣ ታንኳ ቀዛፊ ሁሉ ያውቃል። «ደስ ብሎት ሲዋኝ እንዴት ልከልክለው?» ያለኝን ሰው አስታውሳለሁ። ክፋት አልነበረበትም። የገዛ ልጆቹም በዚያው ውሃ ይታጠቡ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የመርዶ ነው። አንዲት ሆላንዳዊት መምህርት በአንዲት ደግ ወይዘሮ ግቢ ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን የወይዘሮዋ ወንድም በጎንደር ዐረፈ። ዘመዶች ለወይዘሮዋ ሳይሆን ለተከራይዋ ስልክ ደወሉ፤ ለጎረቤት እንድትነግርና ሰው እንዲሰናዳ ማለታቸው ነበር። መምህርትዋ ግን በአገርዋ የሞት ዜናን ከባለቤቱ መደበቅ ማታለል ነውና ወዲያው ሄዳ፥ ወይዘሮዋ ወጥ እየሠራች ሳለ፥ ከማድቤቱ ደጃፍ ቆማ ነገረቻት። ወይዘሮዋ ከእሳቱ አጠገብ ወደቀች። ጎረቤት እየሮጠ ደረሰ።

አንተ ታውቃለህ፤ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፥ የሚደግፋት ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ፥ በሽማግሌ አፍ ነው። ይህን ለመምህርትዋ የነገራት አልነበረም። ከዚያም በኋላ የነገራት የለም። እስዋ አበባና የሐዘን ካርድ ላከች፤ በአገርዋ ሐዘንተኛን ለብቻው መተው ማክበር ነውና ከለቅሶው ቤት አልገባችም። የሰፈሩ ሴቶች ሰላምታዋን በአጭሩ እየመለሱ ያልፉአት ጀመር። ቡናም መጥራት ተዉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ፤ ምን እንዳጠፋች ግን አላወቀችም። አገርዋ ልትመለስ ሻንጣዋን ማሰናዳት ጀምራ ነበር።

በመጨረሻ የሰፈሩ መሪጌታ አስጠርተው «ልጄ፥ መርዶ እንዲህ አይነገርም» ብለው ሥርዓቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዱአት። «ለምን እስካሁን ማንም አልነገረኝም?» አለቻቸው። «እንዳትቀየሚ ብለው ነዋ» አሉአት። ይህ መልስ ከሁሉ ይልቅ እንዳስለቀሳት ኋላ ነግራኛለች።

በአርባው ቀን ነጠላ ለብሳ መጣች፤ ከሴቶቹ መካከል ከምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጧት እስከ ቀትር አንድ ቃል ሳትናገር ዋለች። ወይዘሮዋ ራስዋ ተነሥታ እንጀራ አቀረበችላት። መምህርትዋም «በቃኝ» አለች፤ ሦስት ጊዜ ተለምናም በላች።

ከዚያ ወዲህ የማታውቀውን ነገር ሁሉ በደብተር እየጻፈች በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታውን ትጠይቃለች። ሰው ሲወልድ በስንተኛው ቀን ይጠየቃል? ታሞ የተኛን ሰው ብዙ ሆኖ ከብቦ መቀመጥ ለምን ነው? ወደ ክብራን ገብርኤል ሴት ለምን አትገባም? መሪጌታው አንዳንዱን በመጽሐፍ፥ አንዳንዱን በተረት ይመልሱላታል። በቀደም ያቀረበችው ጥያቄ «እሺ» ስንት ዓይነት ነው የሚል ነበር። መሪጌታው በጣታቸው እስከ አምስት ቈጥረው ስድስተኛውን ሲያስቡ ቡናው ደረሰ።