እንጦጦን በፔዳልና በባትሪ

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ መኪናን እንኳ ማርሽ ያስቀይራል። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ግን እሁድ ጠዋት ከቤተሰብዎ ጋር ሊወጡት ይችላሉ፤ ዋናው ነገር የፔዳል እገዛውን ደረጃ ማወቅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እርስዎ ፔዳሉን ሲመቱ ሞተሩ ያግዝዎታል፣ ሲያቆሙ ያቆማል። የእገዛውን መጠን መሪው ላይ ባሉት ቁልፎች ይመርጣሉ፤ ብዙ ብስክሌቶች ከ1 እስከ 5 ደረጃ አላቸው።

እስከ ሽሮ ሜዳ 1 ወይም 2 ይበቃዎታል። የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ፊት ታክሲውም ገበያተኛውም ይበዛል። የፔዳሉን መዞር ብቻ የሚለካ ብስክሌት ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ከሆነ፣ ገና እግርዎን ሲያንቀሳቅሱ ወደፊት ሊወረወር ይችላል። የእግርዎን ጉልበት የሚለካው ዓይነት ግን ለስለስ ብሎ ይነሳል።

ዳገቱ ሲጀምር መጀመሪያ ማርሹን ያቅልሉ፣ ከዚያ እገዛውን ወደ 3 ከፍ ያድርጉ። በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቁ መውጣት ሞተሩን ያግላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። እግርዎ በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል ቢዞር ጥሩ ነው።

ሒሳቡን ይመልከቱት። እርስዎና ብስክሌቱ በአንድነት 100 ኪሎ ብትመዝኑ፣ 500 ሜትር ከፍታ መውጣት 136 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ባለ 360 ዋት ሰዓት ባትሪ ሥራውን ብቻውን ቢሠራ ከሲሶው በላይ ያልቃል፤ ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እርስዎ በእግርዎ ባገዙት ቁጥር ለመመለሻ ይተርፍዎታል።

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ መሳሳት ሞተሩን አያደክመውም፣ እርስዎን ግን ያደክምዎታል። ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃተዎት አንድ ደረጃ ይጨምሩ። የእገዛው ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፦ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት በ4፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ በ1 ሆነው ጎን ለጎን ይወጣሉ። ማንም ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

ላይ ሲደርሱ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ትቀበልዎታለች። ቤተ መንግሥታቸውም አጠገቧ ነው። ልጆቹን ዛፍ ሥር አሳርፈው ከተማዋን ከላይ ያሳዩዋቸው።

ሲወርዱ እገዛውን 0 ላይ ያድርጉት። አብዛኞቹ ብስክሌቶች ቁልቁለት ላይ ባትሪ አይሞሉም። ሁለቱንም ፍሬን በየተራ ጫን ለቀቅ ያድርጉ፤ አንዱን ብቻ ይዞ መውረድ ያግለዋል። የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ካጋጠሙዎት ፍጥነትዎን ቀንሰው መንገዱን ይልቀቁላቸው። እነሱ የሚጨምሩት ደረጃ የላቸውም።