በሁለት ካላንደር መካከል የተገኘ በረዶ

ሮማ ውስጥ በብዙ የሐበሻ ቤት የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ካላንደር ተሰቅሎ ይታያል። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ጾሙን፣ በዓሉንና የማኅበሩን ቀን ያስቆጥራል። ሁለተኛው ከሰፈሩ ፋርማሲ በነፃ የተገኘ ሲሆን ደመወዝ የሚገባበት፣ የቤት ኪራይ የሚከፈልበትና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን በእስክሪቢቶ ተከብቦበታል። ሁለቱ ካላንደሮች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር የቤቱ እመቤት የምታርፍበት ቀን በአንዳቸውም ላይ አለመመልከቱ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለቤት ሥራ ወደ ሮማ የመጡት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች የራሳቸው የሚሉት ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነበር። በዚያች ጊዜ በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይገናኛሉ፤ ደብዳቤ ይለዋወጣሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ያዘነ ያጽናናሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ወደየአሠሪው ቤት ይመለሳል። ዛሬ የቤት ሠራተኞች ብሔራዊ የሥራ ውል በአሠሪዋ ቤት ለምታድር ሠራተኛ በሳምንት 36 ሰዓት ዕረፍት፣ ይኸውም እሑድ 24 ሰዓት በሌላ ቀን ደግሞ 12 ሰዓት ይሰጣል። በዓመትም 26 የሥራ ቀን ፈቃድ አላት። ወረቀቱ ይህን ይበል እንጂ ልማዱ ብዙም አልተለወጠም። ዕረፍት ማለት የሌላ ሰው ጉዳይ የሚፈጸምበት ቀን እንደሆነ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በሚያዝያ ወር በአንድ የሮማ ቤተሰብ ቤት የሆነው ይህንኑ ያሳያል። ባልየው በአንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነው። ወይዘሮዋ 88 ዓመት የሞላቸውን አንዲት ጣልያናዊት ባልቴት ትጠብቃለች፤ ጧት ገብታ አመሻሽ ላይ ትወጣለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ወንዱ 13 ዓመቱ ነው፤ ታናሽ እኅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለቱም የተወለዱት እዚያው ሮማ ነው።

አንድ እሑድ ወይዘሮዋ የልጁን የትምህርት ቤት ቦርሳ ለማጠብ ስታራግፍ በአራት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ክፍሉ ለሴቲማና ቢያንካ፣ ማለትም ለአንድ ሳምንት የበረዶ ጉዞ፣ በጥር ወር ወደ ተራራ ስለሚሄድ ወላጅ ፈርሞ ከነገንዘቡ እንዲመልስ የሚጠይቅ ነው። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ልጁ ወረቀቱን ለማንም አላሳየም። ጓደኞቹ ሄደው በሰነበቱበት ሳምንት እሱ ከቀሩት ጥቂት ልጆች ጋር በሌላ ክፍል ተቀምጦ ሰነበተ። ማታ ማታ «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባል «ደኅና» እያለ ይመልስ ነበር።

ቢጠይቃት ኖሮ ምን እንደምትመልስለት ወይዘሮዋ ታውቀዋለች። በዚያ ወር ለገና ወደ አዲስ አበባ የተላከ ገንዘብ ነበር፤ የእናቷም የዓይን ሕክምና ነበር። «አይሆንም» ትለው ነበር። እንቅልፍ የነሳት ግን ይህ አይደለም። ልጁ ሳይጠይቅ መልሱን ማወቁ ነው።

ማታ ባልየው ለሥራ ሲለብስ ነገረችው። ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲያው በረዶ እናሳየው» አላት።

«መቼ?» አለችው። ሁለቱም ወደ ግድግዳው ቀና አሉ።

በዚያ ዓመት ሁለቱ ፋሲካዎች በአምስት ሳምንት ተራርቀው ነበር። የካቶሊኮቹ ማርች 31 ላይ ውሎ አልፏል። የኦርቶዶክሶቹ ግን ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም ሜይ 5 ነበር። ትምህርት ቤቱ ለጣልያኖቹ ፋሲካ ተዘግቶ ተከፍቷል። የቀረው ጣልያን ከፋሺስት አገዛዝ ነፃ የወጣችበት በዓል ኤፕሪል 25 ነው፤ ያን ዓመት ሐሙስ ላይ ይውላል። ትምህርት ቤቱ ዓርብንም ፖንቴ ወይም ድልድይ ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለት ቀን ተገኘች። እሑድ ኤፕሪል 28 ሆሳዕና ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰሞነ ሕማማት ስለሚገባ የጉዞ ነገር አይነሣም።

ያቺ ሁለት ቀን ግን ባዶ አልነበረችም። የባልቴቲቱ ልጆች ፖንቴውን ወደ ባሕር ሊሄዱበት አስበዋል። ወይዘሮዋ ፈቃድ ብትጠይቅ «ታዲያ እናታችንን ማን ይይዛል?» የሚል መልስ መጣ። ባልየው ደግሞ ሮማ በቱሪስት በምትሞላበት ሰሞን ከሆቴሉ ሊጠፋ አይችልም። ከሁሉም የከበደው ቅዳሜ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሮማ በቤት ሥራ የኖረች አንዲት የአገር ልጅ በመጋቢት አርፋ አርባዋ የሚወጣው በዚያው ቅዳሜ ነበር። በተዝካር ቀን በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ሄዱ መባል ለማን ይመቻል?

የቦታውም ነገር ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆነ። ለሮማ ከሚቀርቡት አንዱ ቴርሚኒሎ ነው። በሪየቲ በኩል አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከፍታውም 2,217 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሙሶሊኒ «የሮማ ተራራ» እንዲሆን ያስለማው ይህ ስፍራ በሚያዝያ መጨረሻ ስኪው አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቷል። ሌላው በአብሩዞ፣ በግራን ሳሶ ተራራ ላይ የሚገኘው ካምፖ ኢምፔራቶሬ ነው። ባልየው ለልጁ የዚህን ቦታ ታሪክ አጫወተው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1943 ከሥልጣን ከወረደ በኋላ የታሰረው እዚያ ባለው የስኪ ሆቴል ነው። ጀርመኖች መጥተው ያስወጡት ሴፕቴምበር 12 ቀን ሲሆን፣ ያም ቀን በኢትዮጵያ መስከረም 1 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ነበር። «አምስት ዓመት አገር ያሰረ ሰው እሱም በተራው ተራራ ላይ ታሰረ» አለ አባትየው። ሆኖም በዚያ ከፍታ ንፋስ ሲነሣ የገመዱ መኪና ስለሚቆም፣ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ዕድሉን ሊሞክርበት አይገባም ተባለ።

የቀረው ሰሜኑ ነው። የወይዘሮዋ ታናሽ እኅት ቶሪኖ ትኖራለች። ከቶሪኖ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዳ ቼርቪኒያ ይደረሳል። መንደሩ ራሱ 2,050 ሜትር ላይ ነው፤ በገመዱ መኪና እስከ 3,480 ሜትር ይወጣል። በረዶው በሚያዝያም አይጠፋም። በላዩ የቆመው የቼርቪኖ ተራራ 4,478 ሜትር ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ የራስ ዳሽንን ከፍታ ፈልጎ አገኘና ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን አይቶ «የኛው ይበልጣል!» ብሎ ጮኸ። «የኛው» ሲል ቤተሰቡ ከሰማው ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ነገር ነገርን ያነሣልና ልጁ የቆየውን አወጣው። ክፍል ውስጥ አንዱ «እናንተ አገር በረዶ የለም፤ ምን ያደርግልሃል?» ብሎት ኖሯል። አባትየው ሁለት ነገር ነገረው። በመጀመሪያ፣ በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከድንጋይ የገለበጠው የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ስሜንን ሲወጋ ሰው በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ይሰምጥ እንደነበር ይናገራል። ሁለተኛም፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በዘጠኝ ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ ስኪ ከተማረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል። ውድድሩ የተካሄደው በፕራጄላቶ ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። ከእሱ በፊት በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። አባትየው ሰማንያ ሦስተኛ መውጣቱን አልደበቀም። ልጁም «ግን ጨረሰ አይደል?» አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የወይዘሮዋ ሆነ። አንዲት ጓደኛዋ ሐሙስንና ዓርብን በምትኳ ልትገባ ተስማማች፤ በልዋጩ ወይዘሮዋ በነሐሴ የእሷን ሁለት ቀን ትሸፍናለች። ይህን ይዛ ለባልቴቲቱ ልጆች «ሰው አግኝቻለሁ፤ አስቀድማችሁ መጥታችሁ እይዋት» ስትላቸው የሚመልሱት ጠፋቸው። ለፋሲካ ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ቀደም ብሎ ተላከ። ጓንትና የበረዶ ሱሪ የልጆቿን ካሳደገች ጎረቤት ተገኘ።

ለተዝካሩ ወይዘሮዋ ሦስት ማታ ከሥራ መልስ እየሄደች እንጀራ ጋገረች፤ ሽንኩርት ከተፈች። እዚያው ሆና ፈራ ተባ እያለች ጉዳዩን ለአንዲት አረጋዊት እናት ነገረቻቸው። እሳቸውም ሽንኩርታቸውን ሳያስቀምጡ «ልጄ፣ ይቺ ያረፈችው ሴት ሠላሳ ዓመት ጣልያን ኖራ ቬኒስን አላየችም። ‹ጡረታ ስወጣ› ስትል ነው የሄደችው። ሂጂ፤ ልጆችሽን አሳዪ። ቅዳሜ ለምሳ ከደረስሽ ማንም አይቀየምሽም» አሏት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ረቡዕ ማታ ሦስቱ ከቴርሚኒ ተነሡ፤ ወደ እኩለ ሌሊት ቶሪኖ ገቡ። የእኅቷ ባል ሐሙስ ጧት በመኪናው ይዟቸው ወጣ። ከቼርቪኒያ በታች ባለችው በቫልቱርናንሽ ርካሽ ክፍል ተገኝቶላቸው አንድ ሌሊት አደሩ። ጫማና ስኪ በኪራይ ተወሰደ። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ጣልያን ውስጥ ስኪ የሚሄድ ሰው ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኢንሹራንስ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳልና እሱም ከመግቢያው ቲኬት ጋር ተገዛ። ካስኮ ያን ጊዜ ከ18 ዓመት በታች ላለ ግዴታ ነበር፤ ከኖቬምበር 2025 ወዲህ ግን ለሁሉም ሆኗል።

የሚያዝያ በረዶ ጠባዩ ልዩ ነው። ሌሊት ይጠነክራል፤ ረፋዱ ላይ ለስለስ ብሎ ለጀማሪ ይመቻል፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲያርሰው ከባድ ይሆናል፤ ቁልቁል ላይ የመናድ አደጋም አለው። ስለዚህ ማለዳ ተጀምሮ በቀትር ይቆማል። ለጿሚ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ችግሩ የመጣው በምግቡ ነው። በቫሌ ዳኦስታ የፎንቲና አይብ ያልገባበት ወይም ቅቤ ያልነካው ምግብ ማግኘት ጭንቅ ነው። ደግነቱ እኅትየዋ በቴርሞስ ሽሮ፣ በጨርቅ እንጀራ ሸክፋ ልካለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በረዶው ዳር ተቀምጠው በሉ።

ልጁ ሐሙስ ዕለት ስንት ጊዜ እንደወደቀ የቆጠረ የለም። ዓርብ ጧት ግን ከጀማሪዎቹ መደብ ከላይ እስከ ታች ሳይወድቅ ወረደ። ታናሿ ከስኪው ይልቅ በረዶውን እያድበለበለች መወርወሩን መረጠች። ወይዘሮዋ ነጠላዋን በጃኬቷ ላይ ደርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር። በእጇ የያዘችው ነገር አልነበረም፤ የምትልጠው፣ የምትጠርገው፣ የምትደግፈው ሰውም አልነበረም።

ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። በመኪናው ውስጥ ሲመለሱ ልጁ ራሱ «እማዬ፣ ቦርሳዬን ያጠብሽ ጊዜ አየሽው አይደል?» አላት። «አዎ» አለችው። «የሌለ ጊዜ የለም እልሃለሁ። አንተ ግን ጠይቀኝ።»

ቅዳሜ በማለዳው ባቡር ሮማ ገብተው በቀጥታ ወደ ተዝካሩ ሄዱ። የበረዶው ፀሐይ የልጁን ግንባርና አፍንጫ አቃጥሎት ከንፈሩም ተልጦ ስለነበር እናቶቹ ሁሉ «ይኼ ልጅ ምን ነካው?» እያሉ ተቀባበሉት። ክሬም ያልተቀባ ጥቁር ፊትም በበረዶ ላይ እንደሚቃጠል በዚያ ቀን ብዙ ሰው ተማረ። ማንም የተቀየመ አልነበረም። አረጋዊቷ እናት ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ተራራው ሲጠይቁት ዋሉ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከትምህርት ቤት የሚመጣው ወረቀት ሁሉ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ ይፈረማል፤ አንዳንዱ አይፈረምም።

በስደት ያለ ወላጅ ለልጁ የሚከለክለው ብዙ ነው፤ ይህ ነውር የለውም። የሚያስፈራው ልጁ መጠየቅ የተወ ዕለት ነው። ልጅ መጠየቅ የሚተወው በአንድ «አይሆንም» አይደለም፤ ለዘመድ፣ ለማኅበር፣ ለለቅሶና ለአሠሪ ቀን ሲቆረጥ አይቶ ለእሱ የተቆረጠ ቀን ሲያጣ ነው። እንግዲህ የቤተሰቡም ቀን እንደ ማኅበሩ ቀን ካላንደሩ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ለዚያም ቀን ተተኪ ይፈለግለት።

ለማቀድ ለሚፈልግ፦ እ.ኤ.አ. በ2027 ሁለቱ ፋሲካዎች እንደገና በአምስት ሳምንት ይራራቃሉ። የካቶሊኮቹ ማርች 28፣ የኦርቶዶክሶቹ ሜይ 2 ነው። ኤፕሪል 25 በሆሳዕና እሑድ ስለሚውል እሱ አይሆንም። ትምህርት ቤት ለጣልያኖቹ ፋሲካ የሚዘጋበት የማርች መጨረሻ ግን በረዶም አለ፤ ሕማማትም ገና ነው። በምትክ የምትገባዋን ጓደኛ ከወዲሁ መጠየቅ ይበጃል።