ሞላሌ ላይ ሳማ ሲስም

የአዲስ አበባ ልጅ "መንዝ ልሄድ ነው" ሲል መካሪ አይጠፋም። "ብርዱን አትችለውም፣ ጃኬት ደርብ" ይሉታል። "አረቄው ተንኮለኛ ነው፣ ተጠንቀቅ" ይሉታል። ጭላዳ ሳታይ እንዳትመለስ የሚለውም አለ። ስለ ሳማ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለሱ ነው።

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ደብረ ብርሃንን ታልፉና ጣርማ በር አካባቢ የደሴን አስፋልት ትታችሁ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ጋር ትፎካከራለች። ብርዱ ግን የእንጦጦ ብርድ አይደለም። እንጦጦ ባሕር ዛፉ ይከልላችኋል፤ እዚህ ሜዳው ልሙጥ ነው፣ ነፋሱን የሚገስጸው የለም። እኔና ጓደኛዬ የሄድነው በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር። ጭጋጉ በጠዋት ይወርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ዝናብ። ሰዉ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባናውን ተከናንቦ ይሄዳል። እኛ ከመርካቶ የገዛነውን ስስ ጃኬት ለብሰን እንንቀጠቀጣለን።

የመንዝ ሰው ድንጋይ አይቸግረውም። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ የከብት በረቱ ድንጋይ። በአጥሩ ሥር ደግሞ ለምለም፣ ቅጠሉ ጥርስ ጥርስ ያለው አረንጓዴ ነገር ታያላችሁ። ሳማ ማለት ይሄ ነው። ሳማ ፍግና አመድ የጠገበ መሬት ይወዳል፤ ስለዚህ ከሰው ደጅ አይርቅም። ወና የቀረ ቤት ቦታ ላይ እንኳ፣ ጣሪያው ከጠፋ በኋላ፣ ሳማው "እዚህ ሰው ይኖር ነበር" እያለ ይቆማል። የደጋችን ሳማ በሳይንስ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል። ሲሜንሲስ የተባለው በሰሜን ተራሮች ነው። በዓለም ላይ ሌላ የሳማ ዘር ብዙ ነው፣ ይሄኛው ግን የኛው አገር ልጅ ነው።

ጓደኛዬ አራዳ ነው፤ በዚያ ብርድ ቁምጣ ለብሷል። ከሰዓት በኋላ ሽንት ወጥሮት የድንጋዩን አጥር ዘሎ ወረደ። ከዚያ የሰማሁትን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ሁለቱ ባቶቹና ግራ እጁ ሳማ ውስጥ ገብተው ነበር። ሲወጣ ቆዳው ችፍ ችፍ ብሎ፣ ነጭ ነጭ እብጠት አውጥቶ፣ ዙሪያው ቀልቷል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ አረቄ አፍስሱበት አለ። አንዱ ጋዝ አለ። አንድ ጎረምሳ እዚህ የማይጻፍ ነገር አዘዘ። ጓደኛዬ ደግሞ በሁለት እጁ ይፈትገዋል።

ያረፍንበት ቤት እናት ከጓዳ ወጥተው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። "አትፈትገው!" አሉት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ አመጡና ከላይ አፈሰሱበት። ከአጥሩ ሥር ሰፋ ያለ የቱልት ቅጠል ቆርጠው እንዲያስቀምጥበት ሰጡት። (የእንግሊዝ አገር ልጆችም ሳማ ሲለበልባቸው የቱልትን ዘመድ ነው የሚያሹበት። ቅጠሉ ማርከሻ መሆኑ አልተረጋገጠም፣ ቀዝቃዛነቱ ግን ልብ ያሳርፋል።)

እማማ ልክ ነበሩ። ሳማ ላይ ፀጉር የሚመስለው ነገር ፀጉር አይደለም፤ ውስጡ ባዶ የሆነ መርፌ ነው። ጫፉ እንደ መስተዋት ተሰባሪ ነው፤ ስትነኩት ይሰበርና የያዘውን ፈሳሽ ቆዳችሁ ውስጥ ይወጋል። ፈሳሹ ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው አለርጂ ሲነሳበት የገዛ ሰውነቱ የሚረጨው ይሄንኑ ነው። ለዚህ ነው የሳማ ልብለባ አለርጂ የሚመስለው። ሆኖም አለርጂ አይደለም፤ ሳማ ሀብታም ደሃ፣ ከተሜ ባላገር ሳይል ሁሉንም ይለበልባል። ስትፈትጉት የተሰበሩት መርፌዎች ይበልጥ ይገባሉ፤ በዚያው እጅ ዓይናችሁን ከነካችሁማ አለቀላችሁ።

ስለዚህ ሳታሹ በውኃና በሳሙና ታጠቡ። ፕላስተር ካላችሁ ለጥፋችሁ ንቀሉት፣ የቀሩትን መርፌዎች ይዞ ይወጣል። ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት። ማሳከኩ ከባሰ ፋርማሲስት ጠይቃችሁ እንደ ሴትሪዚን ያለ ኪኒን መውሰድ ይቻላል። አረቄው ለጠጪው ይቅር፣ ጋዙም ለኩራዙ። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል፤ ቢቆይ አንድ ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፍም። ሳማም ይሁን ንብ፣ መድኃኒትም ይሁን ምግብ፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይ ሰውየው ራሱን ከሳተ ቱልት ፍለጋ የለም። ያ ትክክለኛው አለርጂ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ስለዚህ መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘ በቃሬዛ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ!

ጓደኛዬ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ስለ እህቱ አጫወተኝ። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። አንድ በጋ ከቤቷ ጓሮ አረም ስትነቅል ዋለች። ምንም አልተሰማትም። ከሁለት ቀን በኋላ ክንዷ በመስመር በመስመር ቀላ፣ ውኃ ቋጠረ። እሷ ታዲያ አያቷ ዘንድ ሳማ አይታ ያደገች ናትና "እስከ ማታ ይለቀኛል" ብላ ተቀመጠች። አለቀቃትም። ሳምንታት ነው የፈጀባት። የያዛት ፖይዝን አይቪ የሚባል፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚበቅል ሐረግ ነበር።

እኛ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም፤ ዘመድ አሜሪካ ያላችሁ ግን ንገሩልኝ። ሳማ ወዲያው ይለበልብና ይተዋል። ያኛው ዝም ብሎ ዘይቱን ይቀባችሁና በቀን በሁለት ቀን ይነሳል፤ እሱ የእውነት የቆዳ አለርጂ ነው። ዘይቱ ልብስም ጓንትም የአትክልት መቀስም ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ቶሎ በሳሙና መታጠብ፣ ልብሱንም ማጠብ ነው። ከፊኛው የሚወጣው ውኃ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ሰውየውን አትሽሹት። ሐረጉን ማቃጠል ግን ክልክል ነው፤ ጭሱ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የሚገርመው፣ ማንጎ የዚህ ሐረግ የቅርብ ዘመድ ነው። ማንጎ በጥርሳቸው ሲልጡ ከንፈራቸው ዙሪያ ሽፍ የሚልባቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱ ምክንያቱ ልጣጩ ላይ ያለው ተመሳሳይ ነገር ነው።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ የቤቱ ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፣ እናቷን ጓዳ ጠርታ አንሾካሾከች። ትንሽ ጭቅጭቅ ተሰማ። ለካ የተሠራው የሳማ ወጥ ነው፣ ልጅቱ ደግሞ "ለአዲስ አበባ ሰው እንዴት ይቀርባል?" ብላ ድስቱን ደብቃለች። አፈርኩ ብላለች። ሳማ የድሃ ምግብ፣ እህል ያለቀበት ቤት ምግብ ተብሎ ስሙ ወጥቷላ።

እናትየው ድስቱን ይዘው ወጡ። "እህል በጠፋ ጊዜ፣ በሰባ ሰባት፣ ይሄ ነው ነፍስ ያቆየን" አሉ። "ምን ያሳፍራል? የሚያሳፍረው እንግዳን ጾሙን ማሳደር ነው።" አሠራሩንም ነገሩን። ለጋ ለጋው ጫፍ በሁለት እንጨት እየተቆነጠጠ ይለቀማል። ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ እስኪልም ድረስ ይመታል፤ ከዚያ ትንሽ የባቄላ ዱቄት፣ ጨው፣ ቃሪያ። መርፌው እሳትና ውኃ ሲያገኘው ይሞታል፤ አፍ አይለበልብም። በገብስ እንጀራ ቀረበልን። ጎመንን የሚያስንቅ፣ ሽሮ ሽሮ የሚል ጣዕም አለው።

ጓደኛዬ በዚያው በተለበለበ እጁ እየጠቀለለ አንድ ሰሐን ጨርሶ "ይጨመርልኝ" አለ። ልጅቱ አፏን በነጠላዋ ከልላ እየሳቀች ጨለፈችለት። እማማ ደግሞ "ብላው ልጄ፣ ብድርህን መልስ" አሉት።