ማሲካ፣ ፋሲካ እና ደራሽ ውሃ

ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ የቅዳሜው አማርኛ ክፍል ስድስት ተማሪዎች ነን። አንዳችን ስንጽፍ ሌላችን እያረምን፣ አንዳንዴም ተኳርፈን እየታረቅን ነው የጨረስነው። መጀመሪያ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ፓስፊክ ውቅያኖስ ታይፉን ነበር። ነገሩ ግን በመጨረሻ ኢስሊ አጠገብ ወደሚያልፈው ወደ ማታሬ ወንዝ ወሰደን። እንዴት እዚያ እንደደረስን እንንገራችሁ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም መምህራችን በየቡድን ከፍለውን፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ የተፈጥሮ አደጋ መርጦ በአማርኛ እንዲያስረዳ አዘዙ። እንግሊዝኛ መቀላቀል ክልክል ነበር። እኛ ታይፉንን መረጥን። እውነቱን ለመናገር የመረጥነው ፎቶግራፉ ስለሚያምር ነው። ከሰማይ ሲታይ ነጭ ደመና ተጠምዝዞ፣ መካከሉ ላይ አንድ ጥቁር ቀዳዳ አለው።

ካነበብን በኋላ የገባን ይህ ነው። ታይፉን፣ ሃሪኬንና ሳይክሎን አንድ ዓይነት አውሎ ነፋስ ናቸው፤ ስማቸው የሚለያየው በተነሡበት ባሕር ነው። በምዕራብ ፓስፊክ ታይፉን፣ በአትላንቲክ ሃሪኬን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ይባላል። የሚወለደው ሞቃት ባሕር ላይ ነው። የባሕሩ የላይኛው ውሃ ከ26 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ብዙ ተን ይነሣል። ተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመናና ዝናብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የሄደውን አየር ለመተካት ደግሞ ሌላ አየር ከየአቅጣጫው ይሮጣል። ምድር ስለምትሽከረከር የሚሮጠው አየር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠመዘዛል። ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ታይፉን ተብሎ ይጠራል። መካከሉ ላይ «ዓይን» የሚባል ጸጥ ያለ ቦታ አለ።

ይህን ለማሳየት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተን፣ በርበሬ በትነንበት በማማሰያ አዞርነው። በርበሬው ተጠምዝዞ መካከሉ ጎድጎድ ሲል ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። በርበሬውን የሰጡን እናት ግን እስከ ዛሬ ያነሡብናል።

ለምሳሌ ያቀረብነው ሃይያን የተባለውን ታይፉን ነበር። በማይክሮኔዥያ ደሴቶች አካባቢ ተነሥቶ፣ በሞቃት ባሕር ላይ ወደ ምዕራብ እየተጓዘ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከዚያ ከተመዘገቡት ብርቱዎች አንዱ ሆነ። ጥቅምት 29 ቀን 2006 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 8 ቀን 2013፣ ፊሊፒንስን መታ። ከ6,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ታክሎባን በተባለችው ከተማ ብዙውን ሰው የገደለው ነፋሱ ራሱ ሳይሆን፣ ነፋሱ ገፍቶ ወደ ከተማው ያስገባው ባሕር ነበር።

ካነበብነው ሁሉ ያስገረመን ይህ ነው፦ ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። «ስቶርም ሰርጅ ይመጣል» ተብሏል። ብዙ ነዋሪዎች ግን ቃሉ አልገባቸውም። ሱናሚ ይመጣል ቢባል ኖሮ እንሸሽ ነበር ያሉ ብዙዎች ናቸው።

አቅርበን ስንጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ታይፉን ናይሮቢ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀን። በሙሉ ልብ «አይመጣም» አልን። ምክንያታችንንም ደረደርን። ናይሮቢ ከባሕር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የምድር ወገብ ደግሞ አጠገቧ ነው፤ እዚያ የምድር መሽከርከር አየሩን የመጠምዘዝ ኃይል ስለሌለው እንዲህ ዓይነት አውሎ ነፋስ አይወለድም። መምህራችን «ጎበዞች» አሉን። ቀጥለው ግን «ስቶርም ሰርጅን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እርስ በርስ ተያየን። ሰሌዳችን ላይ የጻፍነው እንግሊዝኛውን በፊደላችን ብቻ ነበር። «እንግዲህ እናንተም እንደ ታክሎባን ሰዎች ናችሁ» አሉና ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ከዚያም ለእረፍት ተለያየን።

ኬንያ ውስጥ ከማርች እስከ ሜይ የሚዘንበው ረጅሙ ዝናብ በስዋሂሊ «ማሲካ» ይባላል። ወቅቱ የዐቢይ ጾም ስለነበር «ማሲካ ሳያልፍ ፋሲካ አይመጣም» እያልን እንቀልድ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ማሲካው ከልክ አለፈ። መንገዶች ወንዝ ሆኑ። ማታቱዎች ውሃ ውስጥ ቆመው ሲቀሩ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ይሻገር ነበር።

ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ከስድስታችን በአንዷ ቤት የደረሰውን ነው። እሷም ቤተሰቧም እንድንጽፈው ፈቅደውልናል።

ጓደኛችን የምትኖረው ኢስሊ ጫፍ፣ ለማታሬ ወንዝ ቅርብ በሆነ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። አያቷ ከድሬዳዋ መጥተው አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። ሚያዝያ 15 ለ16 ሌሊት እማማ ለጸሎት ተነሡ። ከባዱ ዝናብ እነሱ ሰፈር ጋብ ብሎ ነበር። የወንዙ ድምፅ ግን ተለውጧል። እማማ ልጃቸውን ቀሰቀሱት።

«ተነሥ፣ ደራሽ ነው!»

«እማማ፣ ዝናቡ እኮ ቆሟል» አለ የጓደኛችን አባት።

«እዚህ ቢቆምስ፣ ላይ መቆሙን ማን ነገረህ?»

እማማ ልጃቸው እስኪወስን አልጠበቁም። ከወጥ ቤት የሙቀጫውን ዘነዘና አንሥተው የጎረቤቱን ሁሉ የብረት በር መደብደብ ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው ኬንያውያንና ሶማሌዎች ናቸው፤ «ደራሽ! ደራሽ!» ሲሉ ቃሉን የሰማ እንጂ የተረዳ አልነበረም። ነገር ግን በሌሊት በር የሚደበድብ ሽማግሌ ሲታይ ማንም ተመልሶ አይተኛም። ሕፃናቱን ታቅፈው ሁሉም ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጭቃ የተቀላቀለበት ውሃ ምድር ቤቱን እስከ መስኮቱ ሞላው።

በዚያ ፎቅ ማንም አልሞተም። ፍራሹ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ የጤፍ በርሜሉ፣ የጓደኛችን ደብተሮች ሁሉ ግን ሄዱ። እናቷ ይዘው የወጡት የፓስፖርትና የመታወቂያ ወረቀቶች ያሉበትን ቦርሳ ብቻ ነበር። ከእነሱ ዝቅ ብሎ፣ ማታሬ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር በቆርቆሮ ቤት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ግን እንደ እነሱ አልቀናቸውም። ብዙ ቤት ተወሰደ፤ ሰውም ሞተ።

በማግሥቱ ልናያቸው ስንሄድ የጓደኛችን እናት ስልካቸውን አውጥተው አንድ መልእክት አሳዩን። ከሦስት ቀን በፊት በእንግሊዝኛ የደረሳቸው ማስጠንቀቂያ ነው። «በሪፓሪያን አካባቢ የምትኖሩ ወደ ከፍታ ቦታ ሂዱ» ይላል። እናቷ እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ መልእክቱንም በጊዜው አንብበውት ነበር። «ሪፓሪያን የሚባል ሰፈር ያለ መስሎኝ፣ የእኛ አይደለም ብዬ አለፍኩት» አሉን። ሪፓሪያን ማለት የወንዝ ዳር ማለት ነው። ማንም ዝም ብሎ መሳቅ የሚችል አልነበረም። መምህራችን ስለ ታክሎባን የተናገሩት ትዝ አለን።

ከዚያ በኋላ ክፉ ወሬ በክፉ ወሬ ላይ ተደራረበ። ሚያዝያ 21 ቀን ንጋት ላይ፣ ከናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባለችው ማይ ማሂዩ፣ ድንገት የወረደ ውሃ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያ ማሲካ በኬንያ በጎርፍ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ትምህርት ቤቶች ላልተወሰነ ጊዜ ተዘግተው እንዲቆዩ አስታወቁ። በዚያው ንግግራቸው ሂዳያ የተባለ ሳይክሎን ወደ ባሕሩ ዳርቻ እየመጣ መሆኑን አስጠነቀቁ።

ስልካችን ወዲያው ጮኸ። የክፍል ጓደኞቻችን «ታይፉናችሁ መጣ!» ይሉናል። «አይመጣም» ብለን በልበ ሙሉነት የመለስነው እኛ ስለሆንን አፍረን ካርታ ላይ ተደፋን። ሂዳያ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቆ ነበር፤ ይህ ለሳይክሎን በጣም ቅርብና ብርቅ ነው። ሂዳያ በቀዳም ሥዑር፣ ሚያዝያ 26 ቀን፣ የታንዛኒያዋን ማፊያ ደሴት ነካ፤ እስከዚያ ጉልበቱ ደክሞ ነበር። በታንዛኒያ ዳርቻ ከባድ ነፋስና ዝናብ አመጣ። ናይሮቢ ግን የፈራነው አውሎ ነፋስ አልደረሰም። ስለዚህ ለክፍሉ የሰጠነው መልስ ትክክል ነበር። ቢሆንም አልተደሰትንበትም። ስም ወጥቶለት፣ በካርታ ላይ ተሥሎ፣ በዜና ሲነገርለት የነበረው ሳይክሎን ሳይመጣብን ቀረ። ስም ያልወጣለት ዝናብ ግን ቀድሞ የጓደኛችንን ቤት ወስዷል። እኛ የተማርነው አደጋው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሽከረከር ነበር፤ ማን የት እንደሚተኛና ማስጠንቀቂያውን በምን ቋንቋ እንደሚሰማ አልጠየቅንም።

ፋሲካን የጓደኛችን ቤተሰብ ከስድስታችን በአንዱ ቤት አሳለፉ። አንዱ ዶሮ አመጣ፤ አንዱ ፍራሽ፤ አንዱ ብርድ ልብስ። እማማ ድፎውን ባርከው ሲቆርሱ «ይህ ማሲካችሁ ፋሲካዬን ሊበላብኝ ነበር» ሲሉ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ከልባችን ሳቅን።

ትምህርት ቤቶች ሜይ 13 ቀን ተከፈቱ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መምህራችን እማማን ወደ ክፍላችን ጋበዟቸው። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ደቻቱ ነገሩን። ደቻቱ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወረደና ከ200 በላይ ሰው ገደለ። «ሰው ወንዙ ደረቅ ነው ብሎ ተኝቶ ነበር» አሉ እማማ። «ደራሽ ማለት እንዲህ ነው። አንተ ዘንድ ሳይዘንብ የሚደርስብህ ውሃ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፤ ድንጋይ ሲንከባለል ትሰማለህ። ከዚያ ቅጠልና እንጨት ይዞ የደፈረሰ ውሃ ታያለህ። ያን ጊዜ ዕቃ አይለቀምም።»

እኛ በሰሌዳችን ላይ «ድንገተኛ ጎርፍ» ብለን ጽፈን ነበር። ሰርዘን «ደራሽ ውሃ» አልነው። ስቶርም ሰርጅንም እዚያው ጠየቅናቸው። አንዳችን «ማዕበል» ይባል ሲል፣ ሌላችን ማዕበል መጥቶ ይመለሳል፣ ይህ ግን ባሕሩ ራሱ ከፍ ማለቱ ነው ብሎ ተከራከረ። እማማ አዳምጠው «እኔ ባሕር አላውቅም፤ ነገር ግን ውሃ ከቦታው ወጥቶ ወደ ሰው ከመጣ ሞላ ነው የሚባለው። ባሕር ሞላ በሉ፤ ሰው ይገባዋል» አሉ። መምህራችን ተነሥተው «የባሕር ሙላት» ብለው በትልቁ ጻፉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራነው ሰሌዳ በአዳራሹ በር አጠገብ ተሰቅሏል። ሪፓሪያን የወንዝ ዳር ነው። ፍላሽ ፍለድ ደራሽ ውሃ ነው። ኢቫኩዌት አድርጉ ከተባለ፣ ዕቃ ሳትለቅሙ ቤቱን ትታችሁ ወደ ከፍታ ውጡ ማለት ነው። ከታች ደግሞ ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውሃ እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል እንደሚችል፣ ስለዚህ በእግርም በመኪናም እንዳይሻገሩት ጽፈናል። ጎረቤት ሁሉ እንዲያነበው በስዋሂሊም ጨምረንበታል። በሌሊት ዘነዘና የሚያነሣ አያት በየፎቁ አይገኝምና።

ጓደኛችን ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የጠፉትን ደብተሮቿን አምስታችን ተካፍለን ገለበጥንላት፤ የአንዳችን የእጅ ጽሑፍ ስለማይነበብ ግን እሱን ራሷ ደግማ ጽፋዋለች።

እናንተም ወላጆች፣ በስልካችሁ የማይገባችሁ ቃል ያለበት ማስጠንቀቂያ ሲደርሳችሁ «የእኛ አይደለም» ብላችሁ አትለፉት። ለልጆቻችሁ አሳዩ። የጓደኛችን እናት አሁን እንዲህ ያለ መልእክት በደረሳቸው ቁጥር ለእኛ ይልኩልናል፤ እኛም በአማርኛ ጽፈን እንመልሳለን። ቃሉን እኛም ካላወቅነው እማማን እንጠይቃለን።